ሰማንያ ሦስት ኮከብ

እዚህ ነይ ልጄ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀመጪ። በሩ ጋ ንፋስ ይገባል። … ሞቀሽ? ጎሽ። አራት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው ይሄ ሙቀት፣ ለአንድ የበረዶ ወቅት። አዳራሹ የቀድሞ ጦር ዘማቾች ማኅበር ነው፤ እኛ የካሜራ ክበብ ሰዎች ምድር ቤቱን በነጻ እንሰበሰብበታለን። በነጻ ስልሽ… በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አሳትመን እንሸጥና ማሞቂያውን እንከፍላለን። አንድ ዓመት ካቃተን ሌላንድ ምድር ቤቱን ለቢንጎ፣ ለቁጥር ዕጣ ተጫዋቾቹ ይሰጠዋል። ሌላንድ የአዳራሹ አለቃ ነው፤ ያ ሱሪውን በማንጠልጠያ የያዘው። ደግ ሰው ነው፣ ግን ቢንጎም ይወዳል።

በልተሻል? ያንን ድንች የተደረደረበትን ብዪ። አረንጓዴውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ጄሎ ተዪው፣ ካሮት ገብቶበታል። ማርሊስ ናት የሠራችው። ጥሩ ሴት ናት… ሴትዮዋን ነው ያልኩት፣ ጄሎውን አላልኩም።

እኔ አርዴል እባላለሁ፤ የክበቡ ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንቺ ከደቡብ፣ ከጆርጂያ ግዛት ከመጣሽ ገና ወር አልሞላሽም አይደል? በጣም ጥሩ። ማንንም አታውቂም፣ ማንም አያውቅሽም። ዛሬ የምንፈልገው ልክ እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ስብሰባው ሳይጀመር እነግርሻለሁ።

እዚያ ቡና ማፍያው ጋ የቆሙትን ሰው ታያቸዋለሽ? ባለ ሰማያዊ ሹራቡን። ቀስ ብለሽ… አዎ፣ እሳቸው። ስማቸውን አልጠራም። እኔ የሰው ስም ጠርቼ አላማም። ደግሞስ ይሄ ሐሜት ነው እንዴ? ምስጋና ነው እንጂ። ምስጋና ስለሆነም ድምፄን አልቀንስም።

ጠንቃቃ ሰው ናቸው። እኔና አንቺ አንድ ነገር ስናነሣ አንዴ ጠቅ አድርገን እንሄዳለን። እሳቸው አይቸኩሉም። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ ይተክሉና ያንኑ ነገር ዘጠኝ ጊዜ ያነሡታል። አንደኛው ድቅድቅ ጨለማ፣ ሁለተኛው ትንሽ ፈካ ያለ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ዘጠነኛው ዓይን የሚያጠፋ። ከዚያ ቤት ገብተው ዘጠኙን በኮምፒውተር አንድ ላይ ይቀይጧቸዋል። ፕሮግራሙ ሰማዩን ከጨለማው፣ ጥላ ውስጥ ያለውን ከብርሃኑ እየለቀመ አንድ ፎቶግራፍ ያደርጋቸዋል። ኤችዲአር ይሉታል። ሌሎችም ያደርጉታል፤ ሦስት አንሥተው ይቀይጡና ሲያልቅ ማንም አይነቃባቸውም። የእሳቸውን ግን… ከመንገድ ማዶ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። ስንት ሰው ነው ሥራው ከመንገድ ማዶ የሚታወቅ?

በረዷችን ነጭ ብቻ ይመስለን ነበር። እሳቸው ሐምራዊ መሆኑን አሳዩን። የዊልመርን ፊት አነሡት፤ ዊልመር እዚያ ጥግ ወንበር ላይ የተኛው ነው። ሰማንያ ዓመት ይዞት የኖረውን ፊት በዚያ ፎቶግራፍ ሲያየው ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም ፎቶግራፉን አይቶ ደም እንዲመረመር አዘዘለት። ምን ተገኘበት? ምንም። ጤነኛ መሆኑን ያወቀው በእሳቸው ምክንያት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንንም አንሥተዋል። ሲቀየጥ በጣሪያው ዙሪያ የብርሃን አክሊል ወጣ። ፓስተራችን ወጣት ነው፣ ደስ አለው፣ በሩ ላይ ሰቀለው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የመጠጥ መሸጫውን አነሡ። እሱም አክሊል አለው። … የመጠጥ መሸጫው ይበልጣል፣ ብታዪው። ፓስተራችን የራሱን አወረደው።

አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው ከአሪዞና ከመጡ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አንቺም እንግዳ ስለሆንሽ ይጠቅምሻል። እኛ ሚኔሶታዎች ሰው አናስቀይምም። አንድ ነገር ሲያንገፈግፈን «ለየት ያለ ነው» እንላለን። የማርሊስን ጄሎ የቀመሰ ሰው የሚለው እሱን ነው። አንድ ነገር እጅግ ሲያስደስተን ደግሞ «ክፉ አይደለም» እንላለን። ባሌ ለሠርጋችን የተሰፋልኝን ቀሚስ ሲያይ ክፉ አይደለም አለኝ፤ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። እሳቸውን ግን ማን ይንገራቸው? ለሰው የሚኖርበትን አገር ወግ ማስተማር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሳዩን ቁጥር፣ ለየት ያለ ነው፣ ለየት ያለ ነው እያልናቸው… የንግድ ካርዳቸው ላይ አሳተሙት። ከስማቸው ሥር፣ በወርቅ ቀለም፣ «ለየት ያለ»።

አምና የነጻነት ቀን ሰልፍ ሲመጣ የቀን መቁጠሪያውን ሽፋን እሳቸው እንዲያነሡ ተመረጡ። ማን መረጣቸው? ማንም አልተቃወመም፤ እኛ ጋ ምርጫ ማለት እሱ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አይንቀሳቀስም። መጠጥ መሸጫም አይንቀሳቀስም። ሰልፍ ግን… ምን ይደረግ፣ ይንቀሳቀሳል። ይቺ ታህል ነገር እንደ እሳቸው ያለውን ሰው ታቆማለች? ሰልፉን አቆሙት እንጂ።

መሃል አስፋልት ላይ መቆሚያቸውን ተከሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የሙዚቃ ባንዱ ቆመ፣ ትራክተሮቹ ቆሙ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ቆመ። ሁላችሁም ሐውልት ሁኑ አሉ። ሕዝባችን ታዛዥ ነው፣ ሆነ። ግን ንፋሱን ማን ያናግረው? መኪናው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ባንዲራ ይውለበለባል። መኪናው ላይ ደግሞ የወተት ልዕልታችን ነበረች፣ ወተት አምራቾቹ በየዓመቱ ዘውድ የሚጭኑላት፣ አምና የጃኔል ልጅ፤ ሕዝብ ፊት እጅ ማወዛወዝ ነው ያሠለጠኗት፣ ሰው እያያት እንዴት ትተወው? ጭራሽ አራተኛው ላይ መኪናው ወደፊት ተንፏቀቀ። እሳቸው ደንገጥ አሉ? በጭራሽ። አምስተኛውን አነሡ።

ውጤቱን በስብሰባ ላይ በትልቁ ሸራ አሳዩን። ሰማዩን ብታዪው፣ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ እግዜርም ሞክሮት አያውቅ። ከሰማዩ ሥር ልዕልቲቱ አለች፤ ስድስት እጅ አላት። ስድስቱም ነጭ ጓንት አጥልቀዋል፣ ስድስቱም ያማሩ ናቸው። ትሮምቦን ነፊው ልጅ ሦስት ትሮምቦን በአንድ አፍ ይነፋል። ሌላንድ ሁለት አገጭ ነበረው… አሁን ለልጆቹም የሚተርፍ አለው። አርባ ሰው ወደ ሌላንድ ዞረ። ሌላንድ ጉሮሮውን ጠረገና ለየት ያለ ነው አለ። እኔም በጣም ለየት ያለ ነው አልኩ። እሳቸው ሁለት ጊዜ እጅ ነሡ። ታተመ፣ ስምንት መቶ።

እኔ ቁጥር እወዳለሁ። ሣጥኖቹ ከማተሚያ ቤት ሲመጡ ቁጭ ብዬ የባንዲራውን ኮከብ ቆጠርኩ። ሰማንያ ሦስት። መነጽሬን ወልውዬ ደገምኩ። ሰማንያ ሦስት። ኮከቡ በግዛቶቻችን ልክ ሃምሳ ነበር፤ ለአገራችን ሠላሳ ሦስት ግዛት ጨመሩላት ማለት ነው፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ። ሌላንድ ሁለት ዓመት ቬትናም ቆይቶ አንድ እንኳ ይዞ አልመጣም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን ሲያንስ ነው?

መጀመሪያ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሸጥን። አሥራ አራቱን የገዛችው ጃኔል ናት፣ ለማቃጠል። ይሁን፤ ለማቃጠልም ለመስቀልም ዋጋው አሥራ ሁለት ዶላር ነው። እንግዲህ ቢንጎ ተጫዋቾቹ ምድር ቤቱን ሊለኩ ሜትር ይዘው መጡ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንዱ ቀን መቁጠሪያ የጸጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ምን ይሠራል? ይቆጥራል። አንዱ ሰማንያ አንድ አለ፣ ሌላው ሰማንያ አምስት፤ ተወራረዱ። ወሬው ቦውሊንግ ቤቱ ደረሰ። ልጆቹ የልዕልቲቱን ጣቶች መቁጠር ጀመሩ። ከማዶኛው ከተማ፣ በሆኪ ጨዋታ ሁልጊዜ ከሚያሸንፉን፣ በመኪና በመኪና ሆነው ሊስቁብን መጡ። ይሳቁ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየከፈሉ ሳቁ። ስምንት መቶው አለቀ፣ አምስት መቶ አስደገምን፣ እሱም አለቀ።

እሳቸውስ? … እሳቸውማ የሥነ ጥበብ ፍቅር ነው አሉ። ሌላ ምን ይሆናል? ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ፣ ገና ሲያያቸው ፊቱ እየበራ፣ እጃቸውን ይጨብጣል። አንዱ ፈርሙልኝ አላቸው፤ ፈረሙለት፣ በልዕልቲቱ አራተኛ እጅ ላይ።

ታዲያ በቃኝ የሚሉ ሰው አይደሉም። ሚኒያፖሊስ ወርደው ሌላ ፕሮግራም ገዝተው መጡ፤ የተንቀሳቀሰውን ነገር ለይቶ የሚያጠፋ ነው አሉ። እኔ ደነገጥኩ። ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት እጅ ይዞ ቢቀር ማን ይገዛናል? ግን እግዜር አይጥልም። የአዳራሹን የፓንኬክ ቁርስ አነሡ፣ ስልሳ ሰው። ሰው ሲበላ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ፕሮግራሙም የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ጠራርጎ አጠፋው። ስልሳ ሳህን ፓንኬክ፣ ስልሳ ባዶ ወንበር… ይቅርታ፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ዊልመር ተኝቶ ስለነበር ቀርቷል። ፓስተራችን አይቶ፣ ጌታ መጥቶ ዊልመርን ብቻ ትቶ የሄደ ይመስላል አለ። ለመጪው ዓመት መጋቢት ገጽ አስቀምጬዋለሁ።

እና ችግሩ ምንድን ነው አትዪኝም?

ችግሩ ያ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነው፣ ብሬይደን፣ ያ ጄሎ እየደገመ ያለው። እውነተኛ ልጅ ነው። እውነተኛ ሰው ብቻውን ሲሆን ጥሩ ነው፤ ክበብ ውስጥ ሲገባ ያስቸግራል። ባለፈው ወር እሳቸውን መኪና ማቆሚያው ጋ ጠብቆ፣ ለየት ያለ ነው ማለት እኛ ጋ ምን ማለት እንደሆነ ነገራቸው። እኛ በትሕትና አሥራ አንድ ዓመት የደበቅንላቸውን እሱ ጓንቱን ሳያወልቅ ዘረገፈው። አዝኜ ነው ይላል። እሳቸው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሡ፣ መስታወቱ በትንፋሻቸው እስኪሸፈን ተቀመጡ። ማርሊስ አይታቸዋለች። በነጋታው ካርዶቻቸው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሉም።

የባሰውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት አንድ አነሡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መቆሚያውን መኪና ውስጥ ትተው። የሞርክ ቤተሰብ አሮጌ ጎተራ ነው። ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ በረዶ፣ በሩ ላይ አንዲት ላም። ላሟ አንድ ራስ ነው ያላት። በረዶው በረዶ ነው። አምጥተው አሳዩኝ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ተማሪ። እኔ እዚያ ጎተራ ነው ያደግሁት፤ ሞርክ የአባቴ ስም ነው። ብርዱ ጣቴ ላይ መጣብኝ… አባቴ በዚያ በር ባልዲ ይዞ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። …

ምን ልበልሽ። ጥሩ ነበር። ግን ማን ይገዛዋል? እዚህ አገር ግራጫ ጎተራ ሰው ሁሉ በመስኮቱ በነጻ ያያል። እኔም አይቼ፣ ክፉ አይደለም አልኳቸው። እኛ ጋ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ለእሳቸው ግን ብሬይደን አንደኛውን ቃል ነግሯቸው ሁለተኛውን አልነገራቸውም። አንገታቸውን ደፍተው፣ ፎቶግራፉን ኮታቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ። ጠርቼ ላስረዳቸው ነበር… ኋላ ደግሞ ለሰው የአገሩን ወግ ማስተማር ድፍረት ነው አልኩ። ትሕትና አንዳንዴ ይጠቅማል አይደል?

እና ዛሬ የመጪው ዓመት ሽፋን ይወሰናል። እሳቸው ይቅርብኝ፣ ብሬይደን ያንሣው ብለዋል። የብሬይደንን ታውቂዋለሽ? ዳክዬ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። የጠራ ሥራ ነው፤ ዳክዬው ዳክዬ ነው፣ ውሃው ውሃ ነው። ካቻምና ሽፋኑ የእሱ ነበር። ሦስት መቶ ስድስት ሸጥን፤ ማተሚያ ቤቱ ሲከፈል ለማሞቂያው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ሌላንድ አንዴ ታግሦናል። ሁለተኛ አልታገሥም ብሏል፣ እዚህ የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ቆሞ።

ሌላንድ ይመለሱ ብሎ ለመናቸው። የእናንተን አፍ አላምንም አሉት፤ እኔን የማያውቅ ሰው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሥራዬን አይቶ ካልጠየቀኝ በቀር አልመለስም። አልፈርድባቸውም። እንግዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ፣ እሳቸውን የማያውቅ ሰው ማን አለ? … ምን ታዪኛለሽ?

ሐሰት ተናገሪ አልልሽም፣ ሉተራን ሆኜ አድጌያለሁ። ጠጋ ትዪያቸዋለሽ፣ ሽፋኑን ግድግዳው ላይ አየሁት ትያለሽ። ለየት ያለ ነው እንዳትዪ፣ እሱ ቃል ሞቷል። ክፉ አይደለምም እንዳትዪ፣ እሱ የጎተራዋ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» በያቸው። ሐሰት ነው? ስድስት እጅ ያላት ልጅ ጆርጂያ ውስጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀጥለሽ ደግሞ፣ የፋሲካውን የተደበቀ እንቁላል ፍለጋ ማን ነው የሚያነሣው በያቸው። መቶ ሃምሳ ልጅ ይሯሯጣል፣ ሁሉም ቅርጫት ይዞ… እኔ ስንት እግር እንደሚወጣው አሁን ተቀምጬ አስባለሁ።

አይ፣ አትነሺ። ይኸው ራሳቸው እየመጡ ነው። የሎሚ ኬክ ይዘውልሽ ነው፤ አየሽ ደግነት? ሁለት ቁራሽ ነው፣ አንዱ ለእኔ። ፊታቸው ግን ቀላ… ሰምተው ይሆን እንዴ? ቢሰሙስ? ክፉ ነገር ወጣኝ? ቶሎ ሒሳቡን ልንገርሽና ፍርዱን ላንቺ ልተወው። ማተሚያ ቤቱም ማሞቂያውም ተከፍሎ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር እጃችን ላይ አለ፤ ትርፋችን ይሄ ነው። ኪሳራችን ሁለት ነው፦ ጃኔል ሰላም አትለኝም፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ አንሥተውብናል። የመጀመሪያውን እችለዋለሁ።

ኑ፣ ኑ፣ እዚህ ይቀመጡ። ከዚች ልጅ ጋር እርስዎን እያነሣን ነበር፣ በመልካም ነው። ኬኩን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እጅዎን ይባርከው፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎት። ባለፈው ሳምንት በዚያች ጎተራ በር ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣብዎትንም ነገር ዳግመኛ በደጅዎ አያሳልፍብዎት። … አሜን በዪ እንጂ ልጄ።